ለሲኒማ ቤት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ?

የለንደኑን ፕሪንስ ቻርልስ ሲኒማ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በ1962 የተከፈተ ቤት ነው፤ ከሌስተር አደባባይ እጥፍ ብሎ የሚገኝ። አደባባዩን የከበቡት ታላላቅ ሲኒማ ቤቶች አዲስ የወጣውን ሲያሳድዱ፣ እርሱ ግን የቆዩ ሥራዎችን በ35 እና በ70 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅል ጭምር ያሳያል። ፊልም በእጅ የሚዳሰስ፣ በማሽን ውስጥ እየተሽከረከረ የሚያልፍ፣ ጭረቱ ሳይቀር ሸራው ላይ የሚታይ ነገር መሆኑን ልጆቻችን የሚያዩበት ቦታ ስንት ቀረ?

በ2025 መጀመሪያ ላይ ሲኒማ ቤቱ ይፋ እንዳደረገው፣ አከራዩ በአዲሱ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ጠየቀ፤ ሕንፃውን መልሶ ለመገንባት ፈቃድ ካገኘ በስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ተከራዩን የሚያስወጣበት አንቀጽ። ስድስት ወር! እንዲህ ያለ ሰይፍ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ወንበር የሚያድስ፣ ማሽን የሚገዛ፣ የከርሞ መርሐ ግብር የሚያወጣ ማን ነው?

ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። የአካባቢው አስተዳደር፣ የዌስትሚንስተር ከተማ ምክር ቤትም፣ ሲኒማ ቤቱን በማኅበረሰብ ሀብትነት መዘገበው። እሰየው! የሚያንገበግበኝ ግን ምዝገባው በዋናነት የሚያግዘው ሕንፃው ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ማኅበረሰቡ ለመግዛት ጊዜ እንዲያገኝ መሆኑ ነው። አከራዩን ረጅም ውል እንዲፈርም አያስገድደውም። ያ ሁሉ ሰው የፈረመው ግን ለዚያ ነበር!