ምጽዋን በሲሚንቶ አትቅበሯት

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ ስለ ኤርትራዋ የወደብ ከተማ ስለ ምጽዋ የተባለው ነገር በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ከተማዋን የገደላት ጦርነት ነው፣ ሲሚንቶ ተለስና ቀለም ብትቀባ በወራት ውስጥ ትነሳለች ተባለ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጥፋት ነው።

ከምጽዋ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በጣውሉድ ያለው ቤተ መንግሥት ጉልላት በ1990 እ.ኤ.አ. ውጊያ መመታቱን ማንም አይክድም። ምጽዋ ግን ከዚያ የባሰውን አይታ የተነሳች ከተማ ናት። ጣሊያን በ1885 ያዛት፤ በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፣ መልሳ ተሠራች። በ1941 ጣሊያኖች የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብባቸው መርከቦቻቸውን እዚያው አስጥመው ወደቡን ዘጉት፤ ተጠርጎ እንደገና መርከብ ገባበት። ሁሌም የተነሳችው ከኋላዋ ጭነት ስለነበረ ነው። በ1911 አስመራ የገባው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከደጋው ጋር አስተሳስሯት ነበር። በ1998 ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ድንበር ሲዘጋ የሰሜን ኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ምጽዋን ከቦምቡ ይልቅ የጎዳት ይህ ነው። ነጋዴ ሲጠፋ ቤት ይዘጋል፤ የምጽዋ ቤት ደግሞ ተዘግቶ አይቆይም።

ለምን አይቆይም? ግንቡ ከባሕር የተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነው፣ ቀዳዳው የበዛ። ጨዋማውን ውኃ ከመሬት ወደ ላይ ይስባል። ውኃው በግድግዳው ፊት በኩል ይተናል፤ ጨውም እዚያው ይቀራል። የኖራ ልስን ትነቱን ስለማያግድ ጨው የሚበላው ልስኑን ነው፣ ድንጋዩ ይተርፋል። ልስኑ የተሠራው እንዲበላና እንዲተካ ነው። ሰው ያለበት ቤት የተፈረፈረውን እየጠረገ፣ በኖራ እየደረበ መቶ ዓመት ይኖራል።

ሲሚንቶ ሲለሰን ግን ትነቱ ይታፈናል። ጨው ከልስኑ ጀርባ ይረጋና ድንጋዩን ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ይታያል፤ ልስኑ አንድ ቀን ገንፍሎ ሲወርድ የድንጋዩን ፊት ይዞ ነው የሚወርደው። ፌሮ ከገባበትማ ይብሳል፤ ዝገቱ አብጦ ግንቡን ይሰነጥቀዋል። ይህን ነው እድሳት የሚሉን!

የሚያድነው ሥራ ይታወቃል። ኖራው በውኃ በስሎ ሳምንታት ይቀመጣል፤ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ወደ ሦስት እጅ የሚጠጋ አሸዋ ይቦካል። አሸዋው የወንዝ ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር አይዛቅ፤ ውኃውም ጣፋጭ ውኃ ይሁን፣ አለበለዚያ ጨውን በገዛ እጃችን ግንቡ ውስጥ መጨመር ነው። ግድግዳው ረጥቦ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይለሰናል፤ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። በምጽዋ በጋ የተለሰነ ኖራ ሳይጠነክር ይደርቅና ይረግፋል፤ ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በግንቡ ውስጥ አግድም የተጋደሙት እንጨቶች የበሰበሱ እንደሆነ በእንጨት ይተኩ።

ቀድሞ ሲሚንቶ የተለሰነበት ግድግዳም በመዶሻ ተደብድቦ አይገፈፍ። በጣት አንጓ ይንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ በመሮ ይነሳ፣ አጥብቆ የያዘው ለጊዜው ይቆይ። ቀለም ቀቢው እስከዚያ ድረስ የቀለም ቆርቆሮውን ይክደን።