ማስተካከያ፦ ስለ ሮኪ ማርሲያኖ ክብደት

የጥንቶቹን ቦክሰኞች ከዛሬዎቹ ጋር ባነጻጸርንበት ያለፈው ጽሑፋችን፣ ሮኪ ማርሲያኖ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 ፊላደልፊያ ላይ ጀርሲ ጆ ዋልኮትን በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን 184 ኪሎ ይመዝን እንደነበር መግለጻችን ስሕተት ነው። ቁጥሩ በፓውንድ የተመዘገበ ሲሆን፣ ወደ ኪሎ ሲለወጥ 83.5 ገደማ ይሆናል፤ የጻፍነውን ያህል ቢመዝን ኖሮ በገመዶቹ መካከል ሾልኮ መግባቱም ባልቀለለው ነበር።

ማርሲያኖ ክሩዘርዌይትን (ከከባድ ሚዛን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን የክብደት ምድብ) ትቶ ከባድ ሚዛንን እንደመረጠ መጻፋችንም ልክ አይደለም። በእርሱ ዘመን ከ175 ፓውንድ (79.4 ኪሎ) በላይ የሆነ ሁሉ ከባድ ሚዛን ነበር፤ ክሩዘርዌይት የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን የዛሬው ጣሪያው 200 ፓውንድ (90.7 ኪሎ) ነው። 196 ፓውንድ የነበረው ዋልኮትም በዛሬው አመዳደብ ከዚህ ጣሪያ በታች ይውላል።

በተጨማሪም የያኔዎቹ ቦክሰኞች በግጥሚያው ዕለት ይመዘኑ የነበረ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ ባብዛኛው በዋዜማው ተመዝነው፣ በምግብና በውሃ አገግመውና ኪሎ ጨምረው ስለሚገጥሙ፣ ይህን ሳንጠቅስ ጎን ለጎን ያሰፈርናቸው ክብደቶች አንባቢን የሚያሳስቱ ነበሩ።