ስንት ዩኒቨርስ አለ ብሎ መጠየቅ ሥራ ፈትነት አይደለም

የዩኒቨርስ ስፋት በተነሣ ቁጥር «እንግዲያው እኛ ምንም ነን» የሚል አይጠፋም። «ለኑሯችን ምን ይፈይዳል?» ብሎ የሚያልፈውም ብዙ ነው። ሁለቱም የትኛው ቁጥር እንደሚመለከተን ሳይለዩ ይፈርዳሉ።

ልናየው የምንችለው ክፍል ከዳር እስከ ዳር ወደ 93 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ልንደርስበት የምንችለው ግን እጅግ ያንሳል። የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታውቋል፤ በዚህም ምክንያት ከ16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ወዳለ ጋላክሲ ዛሬ የምንልከው ብርሃን መቼም አይደርስም። ይህን ርቀት ከሚታየው ክፍል ሬዲየስ፣ ከ46 ቢሊዮን ጋር አካፍሎ ውጤቱን ሦስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ የሚወጣው 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከምናየው ይዘት 95 በመቶ ያህሉ ከወዲሁ አምልጦናል።

ከሚታየው ማዶስ? የፕላንክ ሳተላይት ልኬት ከሌሎች ምልከታዎች ጋር ተዳምሮ ኅዋ በጥቂት ሺኛ ስሕተት ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ማለትም ትይዩ መስመሮች ትይዩ ሆነው የሚቀሩበት መሆኑን ያሳያል። ከዚህ ተነሥቶ «ወሰን የለውም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ልኬት የስሕተት ጠርዝ አለውና ፍጹም ጠፍጣፋነትን አያረጋግጥም፤ ቢያረጋግጥም እንኳ ጠፍጣፋ ኅዋ በራሱ ላይ ተገጣጥሞ ውሱን ሊሆን ይችላል።

ከእኛ ሌላ ስንት ዩኒቨርስ አለ የሚለው የብዛት ጥያቄ ደግሞ ምንን እንደ ማብራሪያ እንቀበል የሚለውን ይነካል። ባዶ ኅዋ ያለው ኃይል በቀላል ስሌት ከሚጠበቀው 1 ላይ 120 ገደማ ዜሮ ተጨምሮ በሚገኝ እጥፍ ያነሰ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዲህ ተከራከረ፦ ይህ ኃይል ከዩኒቨርስ ዩኒቨርስ የሚለያይ ከሆነ፣ ታዛቢ የሚገኘው ጋላክሲ ሊሠራ በቻለበት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠኑ ከተወሰነ ጣሪያ አይበልጥም። ከ11 ዓመት በኋላ፣ የመስፋፋቱ መፍጠን ሲታወቅ፣ የተለካው ከጣሪያው በታች፣ ግን ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ነበር። ይህን ንቆ ማለፍ አይገባም፤ ማስረጃ ብሎ መደምደምም ችኮላ ነው። እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኞቹ ታዛቢዎች ምን ያያሉ ብሎ ይጠይቃል፤ የዩኒቨርሶቹ ቁጥር ወሰን ከሌለው ግን «አብዛኞቹ» የሚለው ቃል አቆጣጠሩ በተቀየረ ቁጥር ይለዋወጣል፤ የሚስማሙበት አቆጣጠር ደግሞ እስካሁን የለም። ሌላ ዩኒቨርስ ከእኛ ጋር ተጋጭቶ ከሆነ ከዩኒቨርስ መጀመሪያ ዘመን በቀረው የማይክሮዌቭ ጨረር ላይ ክብ አሻራ ሊተው ይችላል፤ ተፈልጎ የሚያሳምን ነገር አልተገኘም።

በሥነ ምግባር በኩል የሚያሳስበኝ ከዚህ የሚመዘዝ አንድ ክርክር ነው፦ ወሰን በሌለው ኅዋ ውስጥ ደስታውም ሥቃዩም ማለቂያ ስለሌለው የአንድ ሰው መዳን ድምሩን አይለውጥም። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ማለቂያ በሌለው ላይ 1 ቢጨመር ያው ነው። ስሕተቱ ድምሩን የተግባር መለኪያ ማድረጉ ላይ ነው። የምንወስነው በሁለት አማራጮች መካከል ስለሆነ የሚመዘነው ልዩነታቸው ነው፤ ልዩነቱም የድርጊታችን ውጤት በሚደርስበት ክልል፣ ማለትም በዚያ 16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ውስጥ ተወስኖ ይቀራል። ከዚያ ውጭ ስንት ዩኒቨርስ ቢኖር በሁለቱም አማራጮች እኩል ስለሚገኝ ከስሌቱ ይወጣል።