የደጅ ወንበራችን ከእግሩ ነው የሚበላው

እዚህ ቶሮንቶ ውስጥ ብርዱ ገና ሲጀማምር ሰዉ የበረንዳ ወንበሩን መሰብሰብ ይጀምራል። ጋራዥ ያለው ያስገባል፣ የሌለው ይሸፍናል። በረዶውን ብቻ ፈርተው አይደለም። ክረምት ላይ መንገዱ እንዳያንሸራትት ጨው ይበተንበታል፣ ያ ጨው በጫማ እየተጎተተ በረንዳ ድረስ ይመጣል፣ ጨው የነካው ብረት ደግሞ ቶሎ ይዝጋል።

ድሬዳዋ ይሄ ሁሉ የለም። አገሩ ሞቃትና ደረቅ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል» ብለን ደጅ ትተነው የምንገባው። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ወንበር ይወጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ወንበሩ ግን እዚያው አድሮ በነጋታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስትጠብሰው ይውላል። ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ያገኘ ዕድለኛ ነው። ፀሐይዋ ብረቱን አታዝገውም፣ ቀለሙን ነው የምትጨርሰው። ቀለሙ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል። የፕላስቲኩንማ ተዉት፣ ደርቆ ደርቆ አንድ ቀን ሰው እንደተቀመጠበት ይሰበራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እግሩ ነው። የቱቦላሬ ወንበር ገልብጣችሁ እዩ። ከሥሩ ያለችው ጎማ ከወለቀች ቆይታለች፤ ግቢ በታጠበ ቁጥር ውሃው ወደ ባዶው ቱቦ ይገባል፣ መውጫ የለውም። ላይ ላዩን ቀለሙ ያምራል፣ ውስጡ አልቋል፤ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት እየተቀረፈ ይረግፋል። ብየዳው ላይም እንደዚሁ ነው፣ ሳይጸዳ ከተቀባ ቀለሙ አይይዝም።

ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቅፍቁት። አቧራውን ጥረጉና በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡት፣ ሲደርቅ ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ። ቀትር ላይ እንዳትቀቡ! የጋለ ብረት ላይ የቀለሙ ላይኛው ቶሎ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ስለሚቀር ይነፋፋል። በማለዳ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሻላል። ጎማዋን መልሱ፣ ከእግሩ ታች በጎን በኩልም ትንሽ ቀዳዳ አስበሱ፣ የገባው ውሃ ይውጣ።

ሽፋን ከውጭ ስንኮርጅ ግን እንጠንቀቅ። እዚህ ቶሮንቶም በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ የጠቀለለ ሰው ብርዱ ሲያልፍ ሲፈታው ዝጎ ነው የሚያገኘው፣ ውስጡ ያልበዋል። ሸራ ከላይ ብቻ ጣል አድርጉበት፣ ከሥር ነፋስ ይግባ።

ደግሞ እዚህ እግሩ የበሰበሰ ወንበር መንገድ ዳር ነው የሚወጣው፤ ለሠራተኛ ከሚከፈለው አዲስ መግዛት ይቀላል። ድሬ ግን የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ቱቦላሬ የሚበይድ ባለሙያ ከሰፈር አይጠፋም። ይሄን ዕድል ይዘን ወንበሩ ተበልቶ እስኪያልቅ መጠበቃችን ያሳዝነኛል። ሐምሌ ሳይገባ ውሰዱለት።