11ኛና 12ኛ ክፍል ወደ ወረዳው ከተማ ይጠቃለል?

የክርክሩ መነሻ፦ ወረዳው በገጠር ቀበሌዎች ያሉትን የ11ኛና 12ኛ ክፍሎች ዘግቶ ተማሪዎቹን ከተማ ባለው ትልቁ ትምህርት ቤት ቢሰበስብ ወጪ ይቆጥባል፤ ይገባዋል ወይ?

ይሰብሰቡ ባዩ (የቀድሞ ርእሰ መምህር)

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰጠ ወዲህ 9ኛና 10ኛን ብቻ ያስተምር የነበረው ብዙው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ጨመረና እስከ 12ኛ ነኝ አለ። ክፍሉ ተጨመረ እንጂ ቤተ ሙከራ አልተጨመረም። እኔ ስመራው በነበረው ትምህርት ቤት 12ኛ ተፈጥሮ ሳይንስ 14 ልጆች ነበሩ። ለ14 ልጅ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሂሳብ መምህር ያስፈልጋል፤ የፊዚክሱ ሲጠፋ የሂሳቡ ይሸፍናል። ማይክሮስኮፑ ደግሞ ከነካርቶኑ መጋዘን ነበር። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ጠመኔ የሚገዛው በፍርፋሪው ነው። የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ውጤት አስታውሱ፦ ያለፉት 3.2 በመቶ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328።

ባሉበት ባይዋ (የኬሚስትሪ መምህርት)

ጋሼ፣ እርስዎ የቆጠሩት የወረዳውን ካዝና ነው። የወላጁን ማን ይቁጠር? እኔ መሰናዶ የተማርኩት ከተማ ተከራይቼ ነው። አራት ሴቶች በአንዲት ክፍል። እሑድ እሑድ ዳቦና በሶ ተሸክመን የአራት ሰዓት መንገድ እንሄዳለን፤ ሐሙስ ላይ ዳቦው ይሻግታል፣ ሻጋታውን ፍቀን እንበላዋለን። አንዷ ጥር ላይ ለእረፍት እንደሄደች ተዳረች። አንዷ አከራዩ ማታ ማታ በር ቢያንኳኳባት ትምህርቱን ትታ አገሯ ገባች። የጨረስነው ሁለት ነን። ይሄ በየትኛው የሪፖርት ቅጽ ይሞላል?

ፈተናውን ካነሱ ደግሞ፣ በዚያ ዓመት 100 ልጅ አስፈትኖ 97ቱ የወደቀበት አገር ችግሩ የገጠር ትምህርት ቤት ትንሽነት ብቻ ነው? የከተማውም ወድቋል።

ከሁሉ ያልገባኝ ቁጠባው ነው። መምህሩ አይሰናበትም፣ ይዛወራል። ደመወዙ የት ሄዶ ነው ወረዳው የሚያተርፈው?

ይሰብሰቡ ባዩ

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ዛሬ የሚቀነስ ደመወዝ የለም። ከተማው ላይ ግን አንዱ ክፍል 80 ልጅ ይዟል፤ የተዛወሩት መምህራን እዚያ ሲገቡ አዲስ ቅጥር ይቀራል። ጥገናውም፣ የቤተ ሙከራ ዕቃውም ለአምስት ቦታ ከሚበተን ለአንድ ይሆናል። የቤት ኪራዩ ነገር እውነት ነው፤ እኔም ልጆቼን እንደዚያው አስተምሬአለሁ። ስለዚህ በሚተርፈው ብር ለሴቶቹ ማደሪያ እንሥራ።

ባሉበት ባይዋ

ከተማሪው ይልቅ መምህሩ ቢመላለስስ? ሁለት አጎራባች ትምህርት ቤቶች አንድ የፊዚክስ መምህር በሳምንት ቀን ቢካፈሉ፣ ለእሱ አንድ ሞተር ሳይክል ቢገዛለት?

ይሰብሰቡ ባዩ

ሞተሩ ይገዛል፤ በሁለተኛው ወር ቢሮ ፊት ለፊት ቆሞ ታገኚዋለሽ። መምህሩም ያለ ውሎ አበል አይንቀሳቀስም፣ ልፈርድበትም አልችልም።

ባሉበት ባይዋ

በዚህስ ተግባባን (ትምህርት ቤታችን ድሮ የተሰጠውን ሞተር የሚነዳው ማን እንደሆነ ባልናገር ይሻላል)። ማደሪያው ላይ ግን ቅደም ተከተሉ አልጣመኝም። ብሩ የሚተርፈው ክፍሎቹ ከተዘጉ በኋላ ነው ብለዋል። ማደሪያው የሚሠራው ከተረፈው ብር ነው ብለዋል። እንግዲህ በመካከሉ ያለውን አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት፣ ልጆቹ የት ያድራሉ?

ይሰብሰቡ ባዩ

በዘመድ፣ በኪራይ... እንደ ድሮው።

ባሉበት ባይዋ

እንደ ድሮውማ እኔ አድሬዋለሁ። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወረዳው ማደሪያውን ከዚያው በጀት ያስጀምር። በር የሚቆለፍበት ክፍልና ሴት ጥበቃ በዓይኔ ካየሁ፣ ይጠቃለል ብዬ የምፈርመው የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።