የባሰውን ጭኖ የሚመጣ ጎረቤት

እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ "በረደኝ" ማለት ክልክል ሆኗል። የከለከሉን አንድ ጎረቤታችን ናቸው። የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገው ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳሉ። ትናንት ማለዳ ብሎካችን በር ላይ ቆሜ እጄን እያፋተግኩ "ኧረ የዛሬውስ ብርድ አጥንት ይሰብራል" አልኩ። ለማንም አላልኩም፣ ለራሴ ነው። ጋሼ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ "ይሄ ነው የሚያስመርርህ? አይ ልጄ፣ ጅቡቲን አላየህ!" አሉኝ።

አላየሁም። ባየውስ ጣቴ ይሞቃል?

እሺ፣ ጅቡቲ ካሉ በጅቡቲ እንነጋገር። ሐምሌ ላይ እዚያ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም 30 ገደማ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከበረሃው ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። በዚያው ሐምሌ እኛ ጃንጥላ ይዘን ቀኑን 20 ዲግሪ ገደማ ላይ እንውላለን። ይሄን ማንም አልካደም። ግን አሁን ታኅሣሥ ነው! በታኅሣሥ ጅቡቲ ቀኑ 28 ገደማ ነው፣ ሰው የሚናፍቀው አየር። እኛ ደግሞ ንጋት ላይ ከ10 በታች ወርደን ከሰዓት 23 እንገባለን፤ ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ላይ ካናቴራ፣ ማታ ተመልሶ ጋቢ። ጋሼ የእኛን ታኅሣሥ የሚያወዳድሩት ከጅቡቲ ሐምሌ ጋር ነው። ይሄ ሚዛን መስረቅ ነው።

ደግሞ ካርታ አውጥታችሁ እዩት፣ ወደ ምድር ወገብ የምንቀርበው እኛ ነን። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ጅቡቲ ከ11 በላይ። በፀሐይ ቢሆን ኖሮ እኛ ነበርን የምንጠበሰው። ያዳነን ከፍታው ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅለናል። ጅቡቲ ደግሞ ባሕር ዳር ናት፤ ባሕር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ እየመለሰ ሰውን ላብ በላብ ያደርጋል። የእኛ ሰማይ በበጋ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱም አብሯት ይሄዳል። ዝናቡን እንኳ ብናነሳ በነሐሴ ብቻ የሚወርድብን ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ታዲያ እኔ ስለ ጭቃው ሳማርር ጅቡቲ ደረቅ መሆኗ ምን ይጠቅመኛል?

"የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ልኩን ያውቃል፤ የሚናገረው ሊሄድ ለተነሳ ሰው ነው። ጋሼ ግን በየጊዜው አገራቸውን እየለቀቁ የባሰውን ጭነው ይመጣሉ፣ ያውም ቀረጥ ሳይከፈልበት። በሽታው ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክማችሁ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጡ "አራተኛ ያሉትስ ምን ይበሉ" የሚል አይጠፋም። እኔ ቤት የመኝታ ቤቱ መስኮት ሲገጠም ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተትቶበታል። ነፋሱ በዚያ እያፏጨ ይገባል፣ መጋረጃው ሌሊቱን ሲውለበለብ ያድራል። ለሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ባመለክት ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "በር ያልተገጠመላቸው አሉ እኮ" አለኝ። በሩ የሌላቸው ሰዎች እኔ ብርድ ስለመታኝ በር ይገጠምላቸዋል? በዚህ ስሌት እኮ በዚህ አገር ማማረር የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የመጨረሻው የባሰበት። እሱም ቢሮ ቢመጣ "የሞቱም አሉ" ይባላል።

ለነገሩ ይህች ከተማ ራሷ የብርድ ምሬት ውጤት ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት እንጦጦ ቆፈን ስለሆነ፣ ታች ደግሞ ሙቅ ውሃ ስላለ ነው። ጋሼ ያኔ ቢኖሩ "እቴጌ፣ ይሄም ብርድ ሆነና! ምጽዋን አላዩ!" ይሏቸው ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ እንጦጦ ላይ ተኮራምተን በቀረን።

የሚያናድደኝ ግን ታክሲው ነው። እኒሁ ብርድ የለም የሚሉ ሰውዬ ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ሰው ናቸው። ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ አንዱ እያሳለ፣ አንዷ የተፈጨ በርበሬ ይዛ፣ ሹፌሩ ከፊት ሲጋራውን ገና አሁን አጥፍቶ፣ እኔ ትንሽ አየር ላግኝ ብዬ መስኮቷን ገርበብ ሳደርግ ከኋላ "ልጄ፣ ዝጋት እስኪ፣ ብርድ ይመታናል" የሚል ድምፅ ይመጣል። ዞር ስል ጋሼ። የትኛው ብርድ? ጠዋት የለም የተባለው? የጤና ባለሙያዎች ሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል የታክሲ መስኮት ክፈቱ እያሉ ስንት ጊዜ ለፈፉ፣ እኛ ግን በሳንባ ነቀርሳ ከመታመም በነፋስ መመታት ይበልጥ ያስፈራናል። አንድ ጊዜ "ጋሼ፣ ጅቡቲ ቢሆን እኮ ይከፍቱት ነበር" ብላቸው ታክሲው ሳቀ፣ እሳቸው አኮረፉኝ። መስኮቷም ተዘጋች።

አሁንም ከጅቡቲ ሲመለሱ ሰላምታ አለን። እንግዲህ ማውራታቸው ካልቀረ ግን ስለ ባሕሩ ለምን አይነግሩንም? ባሕር የሌለን ሰዎች ነን፣ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ይህን ሁሉ ዓመት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ድረስ ሄደው ስለ ውሃው አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ዓሣው ስንት ነው? እግራቸውን እንኳ ነክረው ያውቃሉ?