«ፖርት ክፈት» ብቻ እያላችሁ ሰው አታድክሙ

ኧረ በናታችሁ! አንድ ልጅ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር የማይንክራፍት ጌም ሰርቨር (ጓደኞቹ ገብተው አብረው የሚጫወቱበትን) ከፍቶ ጓደኞቹ መግባት ሲያቅታቸው መልሳችሁ ሁሌ አንድ ነው፤ «ፖርት ክፈት»፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያሳልፍ አድርግ። ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ተከራይ ነው ኢንተርኔት ለብቻው ያለው? መስመሩ በአከራይ ስም ነው፣ ራውተሩ አከራይ ሳሎን ነው፣ ወርሃዊው ክፍያ ለሦስት ለአራት ይዋጣል። ሰርቪስ ቤት ያለው ደግሞ ዋይፋዩ አልደርስ ስለሚለው ገመድ ስቦ የራሱን ራውተር ቀጥሎበታል። ታዲያ ፖርቱ የሚከፈተው የቱ ራውተር ላይ ነው? በማን ፓስወርድ?

ፖርት ከመንካታችሁ በፊት የአከራዩን ራውተር ገጽ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። «ዋን» (WAN፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር) ከሚለው ሥር ያለውን አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር፣ እዩ። በ10 ከጀመረ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ያ አይፒ ከውጭ አይታይም። አቅራቢው ብዙ ደንበኛ በአንድ የውጭ አይፒ እያወጣ ነው። በ192.168 ከጀመረ ደግሞ ከፊቱ ሌላ ራውተር ወይም ሞደም መኖሩን ፈትሹ። አቅራቢዎች አንድ የውጭ አይፒ ለብዙ ሰው የሚያካፍሉት የአይፒ አራት (የተለመደው የአይፒ ዓይነት) ዋና ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 ስላለቀ ነው፤ በ100.64 የሚጀምረው ክልል ራሱ በ2012 ለዚሁ ሥራ የተለየ ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ የማይንክራፍቱን ፖርት 25565ን ሌሊቱን ሙሉ ስትከፍቱና ስትዘጉ ብታድሩ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ እናንተ ጋ አይደርስም። ያላችሁ ምርጫ ለአቅራቢው ከፍሎ የውጭ አይፒ መጠየቅ፣ ወይም እንደ ቴይልስኬል ያለ ሁላችሁም የምትጭኑት ፕሮግራም፣ ወይም እንደ ፕሌይት ያለ አድራሻ የሚሰጥ መተላለፊያ ነው። በመጨረሻው ጓደኞቻችሁ ምንም መጫን የለባቸውም፤ ግን ቦሌና ፒያሳ ያሉ ሁለት ልጆች መረጃቸው ውጭ አገር ደርሶ ስለሚመለስ ፒንጉ (መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ይጨምራል።

የውጭ አይፒ ያላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ራውተር አስተካክሉ። አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ቀይሩ፣ ዲኤችሲፒውን (ለየዕቃው አይፒ የሚያድለውን) አጥፉ፣ ከዚያ ገመዱን ከዋን ቀዳዳው ነቅላችሁ ላን (የቤት ውስጥ መስመር) ቀዳዳው ላይ ሰኩ። አሁን ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ሆነ፤ ፖርት የሚከፈተው አንድ ቦታ፣ የአከራዩ ራውተር ላይ ነው። ማይንክራፍታችሁ ጃቫ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 25565 በቲሲፒ፣ ቤድሮክ የሚባለው ከሆነ 19132 በዩዲፒ (ቲሲፒና ዩዲፒ ሁለት የመረጃ መላኪያ መንገዶች ናቸው)። ይህን የምታቀላቅሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ! ዊንዶውስ ፋየርዎል ላይም ጃቫን ፍቀዱ። ስትሞክሩ ከዚያው ዋይፋይ በውጭው አይፒ አትሞክሩ፤ ብዙ ራውተር ወደ ራሱ የሚዞርን ጥሪ አይመልስም፣ ሳይበላሽ ተበላሸ ትላላችሁ። ውጭ ያለ ጓደኛ በሞባይል ዳታ ይሞክረው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የላግ፣ የጌሙ መንቀርፈፍ፣ ነገር ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከግቢው አንዱ የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ ሲጀምር ሰርቨሩ ላይ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ የተሰበረው ብሎክ ተመልሶ ይመጣል፣ ተጫዋቹ ወደኋላ ይጎተታል። ወዲያው በጎረቤት ላይ ቁጣ ይነሳል። ሰውዬው ምን አጠፋ? ከፍሎበታል! ጥፋቱ የአፕሎዱ ወረፋ ነው። ቪዲዮው የአፕሎዱን መስመር ሞልቶ ራውተሩ ውስጥ ሲደረደር የጌሙ ትንንሽ መረጃ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ዳውንሎዳችሁ የቱንም ያህል ቢፈጥን እዚህ ላይ አይረዳም፤ ሆስት የሚያደርግ ሰው የሚኖረው በአፕሎድ ነው። ኦፕንደብልዩአርቲ (የራውተር ሶፍትዌር ነው) የሚቀበል ራውተር ካላችሁ ኤስኪውኤም (ወረፋውን የሚያስተካክለውን) ጫኑና አፕሎዱን ከለካችሁት ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ገድቡት፤ ወረፋው ተራ ይይዛል፣ ቪዲዮውም ይሄዳል፣ ጌሙም ይሄዳል። ከሌላችሁ የሰርቨሩን ቪው ዲስታንስ (ለተጫዋቹ የሚላክለትን የዓለም ስፋት) ከ10 ወደ 6 አውርዱ፣ ኮምፒውተሩንም ከዋይፋይ አውጥታችሁ በገመድ አገናኙ።

ላግ ሁሉ ግን የኔት አይደለም። ሰርቨሩ በሰከንድ 20 ጊዜ ነው የሚያስበው፤ ለእያንዳንዱ 50 ሚሊሰከንድ አለው። የሰርቨሩ ፕሮግራም መስኮት ላይ «ካንት ኪፕ አፕ» (አልደርስበት አልኩ) የሚል ከመጣ ኮምፒውተሩ ደክሟል እንጂ ጎረቤት ምንም አላደረገም።

አከራዩን ደግሞ «ፓስወርድ ስጡኝ» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። «ጋሼ፣ አብረን ቁጭ ብለን ራውተሩ ገጽ ላይ አንድ መስመር እንጨምር፣ ሲያበቃም አጠፋዋለሁ» በሏቸው፤ ከመንካታችሁ በፊት የነበረውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። የእሳቸው ኔትወርክ ነውና ዲኤምዜድ የሚባለውን በፍጹም አትክፈቱ፤ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ለውጭ ያጋልጠዋል። ዋይትሊስትም (ስማቸው የተመዘገበ ብቻ የሚገቡበትን) አብሩ፤ 25565ን እየዞሩ የሚፈልጉ ቦቶች አሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ ሌላ አይፒ ይሰጠውና የተከፈተው ፖርት ወደ አንዱ ስልክ ሊዞር ይችላል፤ በማክ አድራሻው (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ቋሚ አይፒ አስይዙለት። ለራውተሩና ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ካለ ደግሞ መብራቱ እንደጠፋ ሰርቨሩን «ስቶፕ» በሉት። ድንገት የተቋረጠ ሰርቨር የተሠራውን ዓለም ሊያበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ የዓለሙን ፎልደር ቢያንስ በሳምንት አንዴ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።